ሞተር ተሸክመን ከዘመሮ ዓለም ከተማ

ከተመለስኩ ወዲህ የጉለሌ ጎረቤቶቼ፣ ያንን የሚያህል ብረት በገደል እንዴት አድርገሽ አወረድሽው እያሉ መድረሻ አሳጡኝ። ለእያንዳንዱ ከሥሩ እያነሣሁ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ብዙዎቹ መንዝንም ሆነ መርሐቤቴን በዕድሜያቸው እንደማይረግጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ከተነሣሁበት ቀን ጀምሬ የሆነውን በየዕለቱ ጽፌዋለሁ፤ ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ያንብብለት።

አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ። እናቴ የመርሐቤቴ ሰው ነበረች፤ ወንድሜ ማሞ ዛሬም ዓለም ከተማ ነው የሚኖረው። ባሌ ካረፈ በኋላ ጠጅ ቤቴን ሸጥኩና እዚያ የሞተር ወፍጮ ልተክል ቆረጥኩ። የወፍጮው ድንጋይ በፍቼ በኩል ቀድሞ ገብቷል፤ ማሞም ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል። የቀረው ሞተሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሞተር የተባለ ሁሉ በጣሊያን እጅ ነበር፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። በዚህ መሀል አንድ የበግ ነጋዴ ዘመሮ ላይ ባለቤቱ የሚሸጠው የካሚዮን ሞተር እንዳለ ነገረኝ። ጣሊያኖቹ እዚያ የነበራቸውን ምሽግ ለቀው ሲሄዱ ካሚዮኑ ተሰብሮባቸው፣ ሹማቸው ለአገሬው ባላባት ለባላምባራስ ተሰማ በሙክት ለውጦላቸው ሄዷል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ማንም ከቦታው ሊያነሣው ስላልቻለ ነው። በመኪና መንገድ ልመልሰው ብል በጣርማ በር ዞሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በፍቼ ሊሄድ ነው፤ ኪራዩ ከሞተሩ ይበልጣል፣ አንዱ ኬላም ይወርሰዋል። ከዘመሮ በቀጥታ ገደሉን ወርዶ ወንዙን ከተሻገሩ ግን መርሐቤቴ ነው። እኔም በዚያ ልሞክር አልኩ። ጊዜው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። እህሉ ታጭዷል፣ ወንዙም ጎድሏል።

ሰኞ

የተነሣነው እኔና ፍሥሐ ነን። ፍሥሐ አንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው፤ ንግግሩ አጭር፣ እጁ ዘይት የማይለየው ሰው። ጨው በጫነ ካሚዮን ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጠን ሄድን። በየኬላው ውረዱ እየተባልን የይለፍ ወረቀታችን እየታየ፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጉለሌ ይበርዳል እያልኩ ሳማርር የኖርኩት ሴትዮ ብርድ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ያደርነው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ብታይ የለበሰችውን ባና አውልቃ ደረበችልኝና ራሷ ምድጃው ሥር ተጠቅልላ ተኛች። ጠዋት ልመልስላት ስል፣ መንዝ ሳትደርሺ ብርድ አለ አትበይ፣ ይዘሽው ሂጂና ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ አለችኝ። ከየት እንደ መጣሁ እንኳ በወጉ አልጠየቀችኝም። በሌላ መንገድ ብመለስም ኋላ ሄጄ አደረስኩላት።

ማክሰኞ

ካሚዮኑ ጣርማ በር ላይ አወረደንና በቅሎ ተከራየን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ነው ቢሉኝ አላምንም፤ ድንጋይ፣ ሣር፣ እንደገና ድንጋይ ነው። በቅሎዬ ሁለት ጊዜ ተኛችብኝ፤ ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ነበር። ፍሥሐ ሳቁን ሊደብቅ ጀርባውን ሰጥቶኝ የተፈታ ቋጠሮ ሲፈታ አየሁት።

ቀሚሴ ሳይደርቅ ሞላሌ አጠገብ ወደ አንድ ገበሬ ቤት አመራን። የመንዝ ቤት የድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠባብ። የኛ የጉለሌ ጭቃ ቤት እዚያ ነፋስ ላይ ቢቆም ሳምንት የሚከርም አይመስለኝም። ባልየው ሁኔታዬን አይቶ በርኖሱን አለበሰኝ፤ ሚስቱ ቀሚሴን እሳት ዳር ሰቀለችው። በርኖስ ለብሼ ገንፎ ስበላ ያዩ ልጆቻቸው አባባ፣ አባባ እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ በዚያ ብርድ፣ ከምንም ሠርግ ቤት ምግብ ይበልጣል።

ረቡዕ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋችንን ሳንፈታ ተጓዝን፤ ከዚያ በሶ በጥብጠን ጠጣን። መሐል ሜዳን አለፍን። ወገቤ የኔ አልነበረም።

ሐሙስ

ዘመሮ ገባን። ባላምባራስ ተሰማ ጢማቸው የነጣ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ገና ከበቅሎ ሳንወርድ፣ ሞተርሽ እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ካሚዮኑን ሲያሳዩን ነው። ጎማው የመንደሩ ሁሉ ጫማ ሆኗል፤ የጭነቱ ሳንቃ የበረት በር ሆኗል፤ የሞተሩን ክዳን ስናነሣ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ አፈጠጠችብን።

የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ዶሮዋ አትነካም አሉ። ይህን ያህል አገር አቋርጬ መጥቼ በዶሮ ልመለስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ባላምባራስ ምንም ሊረዱኝ አልቻሉም፤ የዶሮ ነገር የሚስታቸው ግዛት ነው። በመጨረሻ ፍሥሐ ቅርጫት አስመጣና ጎጆውን ከነሣሩ፣ ከነእንቁላሉ፣ አንዱን ስንጥር ሳያዛንፍ አነሣው። ዶሮዋ ጮኻ ጮኻ ቅርጫቱ ላይ ተመልሳ እስክትተኛ ሁላችንም እንደ ሐኪም ቤት ሰው ቆመን ጠበቅን። እሷ ስትተኛ ወይዘሮ ዘነበች ፈቀዱ።

ፍሥሐ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትቶ በቀዳዳቸው ዘይት ጨመረበትና በማስነሻው እጀታ ሊያዞረው ታገለ። አልዞር አለ። ዘይቱ እንዲሰርግ ትቶት ምሳ በላ። ከምሳ በኋላ እንደገና ሞከረ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተና ዞረ። ፍሥሐ ወደኔ አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያለኝን ሁሉ ያወጣሁት በዚህ ብረት ላይ ነበርና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ቀኑ ሞተሩን በማሰናዳት አለፈ። አንድ ጎረቤት ለምን ፈታታችሁ በአህያ አትጭኑትም አለን። ፍሥሐ ሆዱን ከከፈትነው አቧራ ይገባዋል፣ አንድ ነገር ቢጠፋም ምትክ የለውም ብሎ ውጭ ውጭውን ብቻ ፈታ። ማርሹን፣ ራዲያተሩንና ትናንሾቹን ዕቃዎች ጭድ ውስጥ ቀብረን ለሁለት በቅሎ አዘጋጀን። የሞተሩን ዘይት በቅል ቀዳነው። ክፍት ቀዳዳ ሁሉ በወይራ ውታፍ ተደፈነ፤ በላዩ ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ሠሪ የገዛነው ሰም ፈሰሰበት።

ከዚያ ከወይራ እንጨት አልጋ ተሠራለት። ፍሥሐ ሞተሩን በራሱ ቡሎኖች ከአልጋው ጋር አሰረው፤ ክብደቱ በእግሮቹ ላይ እንዲያርፍ እንጂ ሆዱ መሬት እንዳይነካ። ይህ ብረት ሲመቱት አይታጠፍም፣ እንደ ገንቦ ይሰነጠቃል ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። በአሮጌ የበግ ጠጉር ዝተት ጠቀለልነው፤ በዝተቱ ላይ ጓሳ ሣር እንደ ፍራሽ አወፍረን አለበስነው። ማሰሪያውን የሰጡን ባላምባራስ ናቸው። የደብራቸው ደወል የመጣ ጊዜ የታሰረው በእርጥብ የቆዳ ጠፍር እንደ ነበር አስታውሰው፣ ጠፍሩን ውሃ ውስጥ አሳድረው አመጡልን። እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ገመድ ግን በመንገድ ይላላል። ማታ ላይ ሞተሩ ጓሳ ለብሶ ጓሮ ሲቀመጥ የታሰረ በሬ ይመስል ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ገበያ ነው። ባላምባራስ ከገበያው መሀል ቆመው ለደቦ ጠሩ፤ ምግቡና ጠላው ከኔ፣ ትከሻው ከአገሬው። ጠንካራ ሰዎች ወጡ። መሪያቸው ደምሴ የሚባል ገበሬ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ገደሉን የሚያውቅ። ደምሴ አንድ ነገር ጠየቀ። ወንዙ አጠገብ ያሉት አርበኞች ይህንን የጣሊያን ዕቃ ያሳልፉናል ወይ አለ። ባላምባራስ ለአርበኞቹ መልእክት እንዳልላኩ ተናገሩ። ብልክ በሩቁ እምቢ ማለት ይቀላቸዋል፣ ፊት ለፊት ብትጠይቋቸው ይሻላል አሉ። ይህ ምክር አላጽናናኝም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመን ዋልን። ጸሎቴ ስለ ጠፍር፣ ስለ ገደልና ስለ አርበኛ ነበር።

ሰኞ

ሜዳውን በበሬ ጎተትነው። አልጋው ሥር ሁለት ግንድ እንደ መንሸራተቻ ተደርጎ፣ ጥማድ በሬዎች እየተቀያየሩ ሣር ሣሩን ይዘን ሄድን። ደምሴ ከፊት እየቀደመ ድንጋዩን ይለቅማል። አዲስ አበባ ካሚዮን ሲሄድ ሰው ይሸሻል፤ እዚህ ከየመንደሩ እየወጡ አብረውን ይሄዱ ነበር። ወደ ማታ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ቄስ ቤት አረፍን። ቄሱ የበግ ቆዳቸውን ለኔ አንጥፈው፣ ለሞተሩም ውርጭ እንዳይመታው የራሳቸውን ጭድ አለበሱት። ፍሥሐ ብረት አይበርደውም ቢላቸው፣ እንግዳ እንግዳ ነው አሉ።

ማክሰኞ

ከአፋፉ ሆኜ ቁልቁል አየሁ። ወንዙ ወደ ጃማ ከሚወርዱት አንዱ ነው፤ ከላይ ሲታይ የተጣለ ክር ይመስላል። ሰዎቹ ግማሾቹ በወሳንሳ እንጨት ከጎንና ከጎን ተሸከሙ፤ የቀሩት ከኋላ ሁለት ገመድ ይዘው እንደ ፍሬን ሆኑ። ደምሴ ቃል ይሰጣል፣ ሁሉም ይረግጣል። እንዲህ እያልን ከግማሽ በላይ ወረድን።

አንድ ጠርዝ ላይ ግን የኋላው አንዱ ገመድ በስለት ድንጋይ ተቆረጠ። አልጋው ወደ ገደሉ ዞረ። ደምሴ ትከሻውን ሥሩ አስገብቶ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ሞተሩ አንድ ግራር ላይ ተደገፈና ቆመ። ዛፉ ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍም። የደምሴ እግር ግን በእንጨቱ ሥር ቀርቶ ነበር። አልጋውን አንሥተን ስናወጣው ሁለት ጣቶቹ ተጨፍልቀዋል። እኔ ወደሱ ስሮጥ እሱ ፍሥሐን፣ እስቲ ብረቱን እየው ይለዋል። ፍሥሐ መጀመሪያ የደምሴን እግር በነጠላዬ ጫፍ አሰረ፤ ከዚያ ጓሳውን ገልጦ አየ። የታችኛው ቆርቆሮ ጎድጉዷል፤ ሌላው ደህና ነው።

ደምሴን በቅሎ ላይ አስቀመጥነውና ጭነቷን ተካፈልን። ለኔ የደረሰኝ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው የሞተሩ ዕቃ ነው። እንዳይወድቅ በኩታዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት። እንዲህ ሆነን ወንዙ ጋ ደረስን።

አርበኞቹ ሾላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አለቃቸው አበጋዝ የሚባል፣ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ደምሴን ያውቀዋል፤ እግሩን አይቶ አዘነለት። ወደ ሞተሩ ሲዞር ግን ፊቱ ተለወጠ። የጣሊያን ዕቃ መሆኑን እንደሚያውቅ ተናገረና ጠየቀኝ።

"ለማን ነው የሚፈጨው?"

"እህል ይዞ ለመጣ ሁሉ።"

"ጣሊያን ይዞ ቢመጣስ?"

ልዋሽ እችል ነበር፤ ግን ዓለም ከተማ ምሽግ እንዳለ እሱም ያውቃል።

"እፈጭለታለሁ ልጄ። እምቢ ብለው ያቃጥለዋል። ያኔ ለማንም አይፈጭም።"

አበጋዝ ተነሥቶ ሞተሩን ዞረው። ከሰዎቹ አንዱ ወደ ወንዙ እንክተተው አለ። በዚህ ጊዜ ነው ከዛፉ ጀርባ ስልቻ ስትፈታ የነበረች ሴት የተነሣችው። ሸዋዬ ትባላለች፤ የአበጋዝ እኅት ናት፤ ለሰዎቹ ስንቅ ይዛ ከላይ መንደር የወረደች። ወንድሟን ትታ ወደኔ መጣች።

"አንድ ቁና ገብስ ለመፍጨት ምን ያህል ይፈጅበታል?" አለችኝ።

"አንዲት ጎረቤትሽን ሰላም ብለሽ ሳትጨርሺ ዱቄት ሆኖ ትወስጂዋለሽ።"

ዞር አለችና ወንድሟን አየችው። ድምፅዋን አላነሣችም።

"አበጋዝ፣ ይህ በሶ ራሱ ተፈጭቶ የሚመጣ ይመስልሃል? ቤታችን ሲቃጠል ምን ይዤ እንደ ወጣሁ ታውቃለህ። መጁን አዝዬ ነው የሸሸሁት። ይህንን ወንዝ ብትከተው ከነገ ጀምሮ የሰዎችህን ስንቅ አንተው ፍጭ።"

መጅ ማለት እህል በእጅ የሚፈጭበት የላይኛው ድንጋይ ነው፤ ወፍጮ የገፋች ሴት ክብደቱን ታውቀዋለች። ሸዋዬ ይህን ብላ ወደ ስልቻዋ ተመለሰች። አበጋዝ ወንዙን አየና፣ "ከታች በኩል ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ከላይ ባለው መልካ አሻግሯቸው" አለ ለሰዎቹ።

ሊያሰጥሙት የነበሩት ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ውሃው ወገባቸው ድረስ ነበር፤ ሞተሩን ግን ከራሳቸው በላይ አድርገው አንድ ጠብታ ሳያስነኩ አወጡት። ሸዋዬ ለደምሴ እግር ቅጠል ወቅጣ አሰረችለት። ደምሴና ግማሾቹ ባልደረቦቹ ከዚያ ሊመለሱ ሆነ። ሳመሰግነው ደረቱን ነፍቶ፣ ዱቄቱን ግን ጥሩ አድርገሽ አድቅቂው አለኝ።

ረቡዕ

የመርሐቤቴ ወገን ቆላ ነው። ትናንት ጠዋት ባና ደርቤ የነበርኩት ሴት ዛሬ ላብ አሰመጠኝ። አቀበቱን በቀሩት ሰዎች ትከሻ ብቻ ስንጀምር በጣም አዘገምን። ከመጀመሪያው መንደር ሥር ስንደርስ ወንዶች እየሮጡ ወረዱ። በአገሩ ልማድ በሽተኛ በወሳንሳ ሲያልፍ ያየ ሰው ሁሉ ትከሻ ይሰጣል፤ እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሰዋል። የታመመ ሰው የያዝን መስሏቸው ማንን ነው ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ከሥሩ ገቡ። አንዲት አሮጊት በቅል ወተት ይዘው መጥተው ጓሳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ ዓለም ከተማ ሐኪም አለ ይሉታል። ክብደቱን አይተው ትልቅ ሰው ነው ብለው አለቀሱለት።

ዝም ብል ሸክሙ እስከ አፋፉ ይደርስ ነበር። ግን የአሮጊቷን እንባ ሳይ አልቻልኩም። አስቁሜ እውነቱን ተናገርኩ፤ በሽተኛ አይደለም፣ የወፍጮ ሞተር ነው አልኩ። ተሸካሚዎቹ ተያዩ። አንዱ ትከሻውን ሊያወጣ ሲል የአሮጊቷ ባል፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ከለከሉት።

"ተሸከም" አሉት። "ወገቧን ይዛ የምታድረው እናትህ በሽተኛ አይደለችም?"

ከዚያ በኋላ ወሬው ከኛ ቀድሞ ወጣ። በየመንደሩ ጫፍ ሰዎች ቆመው ይጠብቁናል፤ ይህ ለሞተር የሚሰጥ ትከሻ ነው እየተባባሉ ይስቃሉ፤ ይሸከማሉ። ወተቱን በጾም ምክንያት ማንም አልጠጣውም፤ አሮጊቷ ረግቶ ለነገ ይሆናችኋል ብለው ከነቅሉ ሰጡን።

ሐሙስ

በቀትር ዓለም ከተማ ገባን። ማሞ መንገድ ላይ አገኘንና እኔን ሳይስም መጀመሪያ ሞተሩን ዳሰሰ። ከምሽጉ ማርሻሎ የሚሉት አንድ የጣሊያን ሹም መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ማሞ ቀድሞ ያወጣውን የመትከያ ፈቃድ ሳሳየው ስንዴውን መቼ እንደምንፈጭለት በአስተርጓሚ ጠይቆ ሄደ። ዱቄቱ ቢደርሰው ለሌላው ግድ የለውም።

ጠፍሩ ደርቆ ብረት ስለሆነ በመጥረቢያ ነው የተቆረጠው። ቀናት ፈጅቶ ከተከልነው በኋላ ሞተሩ አልነሣም አለ። ፍሥሐ ግማሽ ቀን ሲያዞር ዋለ። የከተማው ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ አንዳንዱም ድሮም ጣሊያን እንዲህ ነው ይላል። በመጨረሻ ከቤንዚኑ ቧንቧ ውስጥ ቀጭን የጓሳ ስንጥር መዞ አወጣ። ቀጥሎ ሲያዞረው ሞተሩ ጮኸ፤ ከሰዉ ግማሹ ሸሸ። ፍሥሐ በስተርጅና እንኳ የማይረሳው ሳቅ ሳቀ፤ እኔ ግን ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ማሞ እልል ብለሻል ይለኛል።

በማግሥቱ ከመጡት መሀል እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ማሽላቸውን ሰጥተው ጥግ ቆሙ። ዱቄቱ ሲሰጣቸው በጣታቸው አሹት፣ ቀመሱት፣ ጆንያውን አሰሩና ወጡ። ቆየት ብዬ ብወጣ ጆንያውን አጠገባቸው አስደግፈው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ነገር የጎደለባቸው መሰለኝና ጠየቅኋቸው።

"ምንም አልጎደለብኝም" አሉ። "ለዛሬው ማታ የሚፈጭ አልቀረኝም። ፀሐይዋ ገና ናት፤ ቤት ብገባ ምን እሠራለሁ ብዬ ነው።"

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ነይ እስቲ፣ አንቺም ተቀመጪ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።